የትከሻ ልክ

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊው ውሃ ሊጠጣ በባዶ እግሩ ወደ ወጥ ቤት ሲሄድ ሚስቱ ከሌለ ሰው ጋር ስትደንስ ደረሰባት። ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ተጥዶ ሊፈላ ያጉረመርማል። እሷ በሌሊት ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀኝ እጇን የሌለ ሰው መዳፍ ውስጥ አኑራ፣ ግራ እጇን የሌለ ሰው ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከዕቃ ማጠቢያው እስከ ቁም ሣጥኑ ባለችው ጠባብ ቦታ ትዞራለች። ሌላ ባል ቢሆን ይስቅ ነበር፤ ወይም «ምን ነካሽ አንቺ ሴት?» ብሎ ያሳፍራት ነበር። እሱ ግን ለካ። ምን ያድርግ፤ ጎረምሳ ሆኖ መርፌ ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ሥራው የሰው ትከሻ መለካት ነው፤ ሰፈሩም «ጋሽ ሜትር» የሚለው በከንቱ አይደለም። አውቶቡስ ውስጥ ፊቱ የቆመውን መንገደኛ ሳይቀር በዓይኑ ለክቶ፣ ቆርጦና ሰፍቶ ነው የሚወርደው። እናም የሚስቱ እጅ ያረፈበት ትከሻ፣ ያ አየር ላይ ያለው ትከሻ፣ የእሱ እንዳልሆነ ለማወቅ አንድ እይታ በቃው። ከፍ ይላል። ደህና አድርጎ ከፍ ይላል።

በእግሩ ጣት እየተራመደ ወደ መኝታ ቤቱ ደጃፍ ተመለሰና ጮክ ብሎ አሳለ። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ቀጥ አለ። ሲገባ ብርጭቆ ታለቀልቃለች፤ ትንፋሿ ግን ገና አልተሰበሰበም። «ተነሣህ?» አለችው። «ተነሣሁ» አላት። ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ ጠብቆ ቁም ሣጥኑን ተደገፈ። በዚያ በኩል ስትዞር እጇ ከሣጥኑ በር ላይኛ ማጠፊያ ጋር ትክክል እንደነበር አይቷል፤ ማጠፊያ ደግሞ አይዋሽም። ጀርባውን ለጥፎ፣ እጁን ወደ ትከሻው ሰድዶ ዳሰሰ። በእሱ ትከሻና በማጠፊያው መካከል አራት ጣት ገባ። አንድ ጣት ቢሆን ጫማ ነው ይባላል፤ ሁለት ቢሆን የእጅ መዛል ነው ይባላል፤ አራት ጣት ግን ሌላ ሰው ነው። ወንበር ላይ ከተሰቀለው ኮቱ ኪስ የማትጠፋውን ጠፍጣፋ የልብስ ሰፊ ጠመኔ አወጣና በማጠፊያው ልክ በእንጨቱ ላይ አጭር መስመር አሰመረ። የለካውን ምልክት ሳያደርግ አልፎ አያውቅም፣ በቃ።

ድብቅ ነገር ቢሆን እንኳ ቀላል ነበር። ከወር በፊት እራት ላይ «የዳንስ ትምህርት ተከፍቷል፤ ጀማሪዎችን ነው የሚቀበሉት። አብረን እንመዝገብ፤ ለሁለት ሲሆን ቅናሽም አለው» ብላው ነበር። እሱም ሹካውን ሳያስቀምጥ «በዚህ ዕድሜዬ ሕዝብ ፊት ልወላገድ?» አላት። ሳቀች፤ እሱም የምር የሳቀች መስሎት ረሳው። እሷ ግን ብቻዋን ተመዘገበችና ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ፊቷ በርቶ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ መግባት ጀመረች። ሚስቱ የምትሠራው መነጽር ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት በሁለት እጇ ይዛ ክፈፉን ጆሮና አፍንጫ ላይ ስታስተካክል ነው የምትውለው። በዚያ መጀመሪያ ሰሞን ቀንቶ ነበር፤ ኋላ ለመደው፤ የፊት መነካካት እንጀራዋ ነው ብሎ ተወው። ለትከሻ ግን ማንም ደመወዝ አይከፍላትም።

ቁርስ ላይ ትንሹ መጣ። ትንሹ የልብስ ሰፊው ወንድም ነው፤ ቁመቱ የበሩን መቃን ሊነካ ምንም ባይቀረውም በቤተሰቡ ዘንድ እስከ ዛሬ «ትንሹ» ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ገና ልጅ ስለነበረ ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ወስዶ ሙያ ያስያዘው ታላቅየው ነው። ለመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቅ የሚለብሰው ሲያጣም ልብስ ሰፊው የራሱን የሠርግ ኮት፣ ግራጫውን ሱፍ፣ ከሣጥን አውጥቶ ሰጠው፤ ያውም ትከሻው ሳይፈታ፣ እጅጌው ሳይነካ ልክክ አለለት። ዛሬ የመጣው ብልጭ ድርግም ማለት የጀመረውን የወጥ ቤት መብራት ሊሠራ ነው። ሥራውን ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሻዩን ይዞ ቁም ሣጥኑን ተደገፈ። ልብስ ሰፊው ዳቦ ሊቆርስ ቀና ሲል ጠመኔውን ፈለገና አጣው። መስመሩ የለም፤ የትንሹ ትከሻ ሸፍኖታል። ወንድሙ ስኳር ሊጨምር ዘንበል ሲል መስመሩ ብቅ አለ፤ ተመልሶ ሲደገፍ ጠፋ። ልክ እሱ ላይ ነው፤ አንድ ክር እንኳ አይተርፍም።

«እትዬ፣ ዛሬም በአሥራ አንድ ሰዓት ነው አይደል?» አለ ትንሹ።

«አዎ። እንዳትቀር ደግሞ፤ ወንድ አንሶናል።»

ልብስ ሰፊው ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። «አንተም ትደንሳለህ እንዴ?»

«ነግሬህ ነበር እኮ ጋሼ! ሱቅ መጥቼ። ማሽኑ ይጮህ ነበር፤ አንተም እሺ እሺ አልከኝ።»

«እሺ ብዬ ይሆናል» አለ። ትንሹ ድምፁን አቅጥኖ «ሆድ ወደ ውስጥ፣ ኩራት ወደ ውጭ!» ሲል ሚስቱ ሻይ ትን እስኪላት ሳቀች። የአስተማሪያቸው አባባል መሆኑን የነገረው የለም፤ ከሳቁ ውጭ ቁጭ ብሎ ዳቦውን አኘከ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ኮቱን አነሣና ወጣ፤ ሚስቱ «ምሳ ትመጣለህ?» ስትለው በሩን ዘግቶት ነበር።

ሱቁ የአንድ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ሥር ናት፤ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ጣሪያዋ ይንኳኳል። ሁለት የስፌት ማሽን፣ አንድ ካውያ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ቁመት ሙሉ መስታወት፣ ግድግዳው ላይ ዋጋው ተሰርዞ ተሰርዞ ከላዩ ሌላ ዋጋ የተጻፈበት ካርቶን። ዚፕ መቀየር ከዳቦ ጋር እየተሽቀዳደመ መወደዱ ደንበኛውን ያስቆጣል፤ ልብስ ሰፊውም «ዚፑን እኔ አልወልደው» ይላል። በሩ አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ቁልፍ የምትተክለው አሮጊት ትቀመጣለች። ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም «እማማ ቁልፍ» ነው የሚላት። መነጽሯን ከሚስቱ ሱቅ በግማሽ ዋጋ ካገኘች ወዲህ የሚስቱ ጠበቃ ናት።

ያን ዕለት የሚቆረጠው የአንድ መምህር ኮት ነበር፤ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ፣ ሰውየው ከርሞ ከርሞ የገዛው። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ዘረጋ፤ ዓይኑ ግን ጨርቁ ላይ አልዋለም። በደጅ የሚያልፈው ወንድ ሁሉ ትከሻውን ይዞ ነው የሚያልፈው። ቀይ ሹራብ የለበሰው አጠረ። ፖስተኛው ደረሰ ሊባል ነበር፤ ቦርሳው ነው ያጎበጠው። ከዚያ ደግሞ ሐሳቡ ከደጅ ተመልሶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ገባ፤ ትንሹ ብርጭቆ ይዞ፣ ቁም ሣጥን ተደግፎ። መቼ ጀመሩ? ማን ጠራው? ወንድ አንሶናል ብላ ከወንድ ሁሉ እሱን መጥራቷ ለምንድን ነው? ወንድሙን በጥፊ ሲመታው አየ፤ ቀጥሎ ደግሞ ያው ልጅ ትኩሳት ይዞት ጭኑ ላይ ተኝቶ ሲቃዥ ያደረበት ጊዜ ትዝ አለውና እጁ መቀሱ ላይ ላላ። ተናደደ። በሁለቱም መናደድ ሲያቅተው በጨርቁ ላይ ተናደደ፤ አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥን ለሰው ሁሉ የሚሰብከው ሰው አንዴም ሳይለካ ቆረጠ።

እማማ ቁልፍ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ጠረጴዛው ላይ የተኙትን ሁለት ቁራጮች አየቻቸው። «አንተ» አለች፤ «ይሄ ደንበኛህ ሁለት ግራ እጅ ነው እንዴ ያለው?»

አየ። የእጅጌውን የወረቀት ቅድ ሳይገለብጥ ሁለት ጊዜ በአንድ ፊት አስቀምጦት ሁለት ግራ እጅጌ ቆርጧል። ይህን ስህተት ጀማሪ ሳለ እንኳ አልሠራውም። ቁጭ አለና አንድ ደንበኛ አለኝ ብሎ ጀመረ፤ ደንበኛው ሚስቱ ከሌላ ሰው ጋር እንደሆነች ጠርጥሯል፣ ሰውየውን ግን አላየውም፣ ትከሻውን ብቻ ነው የሚያውቀው። አሮጊቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ይሄ ደንበኛህ ልብስ ሰፊ ነው?» አለችው።

«ይሁን ምን ገዶሽ እማማ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?»

«የጠረጠረም ሁለት ግራ እጅጌ ቆረጠ። ልጄ፣ ትከሻ ብቻ ያለው ሌባ የለም፤ ፊትም አለው። ሂድና ፊቱን እየው። እኔ ሱቁን እጠብቃለሁ።»

ሱቁን ሲለቅ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ቁርጡን ይዞ ነው የሄደው፦ ያ እጅ እንደ ጠዋቱ ሆኖ በትንሹ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ካየ፣ ከዛሬ ወዲያ ወንድም የለውም፤ ሚስቱንም ከዚያ ወዲያ በምን ዓይን እንደሚያያት አያውቅም። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ሄደ። ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ «ያጎረስኩበት እጅ» የሚል አለበት። አዳራሹ ከአንድ የሶፋ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ እንጨት፣ አንዱ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስታወት፣ ወንበሮቹ ተደራርበው ወደ ጥግ የተገፉ። የሰም፣ የላብና የሽቶ ሽታ ተቀላቅሏል። ሚስቱ መስኮቱ ጋ ጫማዋን ስትቀይር ቀና ብላ አየችው፤ አፏን ከፍታ ቀረች። «መጣህ?» አለች። ደስታ ይሁን ድንጋጤ መለየት አቃተው፤ ድንጋጤ ነው ብሎ ወሰነ። ከጀርባዋ ትንሹ ቆሟል። ግራጫውን ኮት ለብሷል፤ የእሱን የሠርግ ኮት።

አስተማሪዋ አጭርና ድቡልቡል ሴት ናት፤ በፊት የስፖርት አስተማሪ ነበረች ይላሉ። እግሯ ግን ኳስ ነው፤ ወለሉን ነካ አድርጎ ይነሣል እንጂ አይረግጥም። «አዲስ ጋሼ መጥተውልናል!» ብላ ሕዝቡን አስጨበጨበችለትና ትምህርቱን በጥቂት ቃል ጨረሰችለት፦ ወንዶች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ ቦታቸውን አይለቁም፤ ሴቶች ከፊታቸው ይቆማሉ፤ ስታጨበጭብ እያንዳንዷ ሴት ወደ ቀጣዩ ወንድ ታልፋለች። «ተጣብቆ መቅረት የለም። እዚህ ቤት ባልና ሚስት የሚባል ነገር አላውቅም፤ ጥንድ ነው የማውቀው» ስትል ሁሉም ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። አዲስ ሰው ከሚያውቀው ሰው አጠገብ ሲቆም አይደነግጥም ብላ ከወንድሙ ቀጥሎ አቆመችው። ሴቶቹ ከትንሹ ተነሥተው ወደ እሱ ነው የሚያልፉት። ሚስቱ ከክቡ ማዶ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ፊት ናት፤ ዞራ ዞራ፣ በመካከል ያለውን ወንድ ሁሉ አዳርሳ፣ በትንሹ በኩል አልፋ ነው እሱ ዘንድ የምትደርሰው።

ሙዚቃው ተከፈተ። ልብስ ሰፊው ሕይወቱን ሙሉ በእግሩ የስፌት ማሽን ሲረግጥ ስለኖረ ምት መጠበቅ የሚያቅተው አልመሰለውም ነበር፤ ነገር ግን ማሽን ወደ ጎን ሂድ ብሎት አያውቅም። ቀኝ ሲባል ግራውን ያነሣል፤ ግራ ሲባል ሁለቱንም ወለሉ ላይ ተክሎ ያስባል። የላስቲክ ሶሉ እንጨቱን ነክሶ ይዞ «ጭዋክ» ይላል። የመጀመሪያዋ ጥንድ ፋርማሲስት ነበረች፤ እንደ መድኃኒት መጠን በከንፈሯ እየቆጠረች፣ ዓይኗን ከእግሯ ሳትነቅል። ሁለተኛዋ ጡረታ የወጣች ትኬት ቆራጭ ናት፤ ጥቂት ታገሠችውና «ልቀቀኝማ እኔ ልንዳህ» ብላ እንደ ጋሪ ትገፋው ጀመር። ሦስተኛዋ እጇ የቀዘቀዘ ተማሪ ናት፤ «አባባ አይጨነቁ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚህ ነበርኩ» አለችው። አባባ! ያም ሆኖ ከሁሉም ጋር የደነሰው ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዙሮ ነው። በመስታወቱ ውስጥ የሚስቱን እጅ ይከተላል። ዳቦ ጋጋሪው ላይ እጇ ዝቅ አለ፤ ሰውየው አጭር ነው። የባንክ ዘበኛው ላይ ወጣ፤ ወደ ላይ አልፎ ሄደ። ያ አይደለም። መነጽር ያደረገው ወጣት ላይ ለጥቂት ሳተ። ከአንዱ ጋር ስትስቅ እርምጃው ይሳሳታል፤ ከሌላው ጋር ዝም ስትል ደግሞ ይብስበታል፤ ከሳቅ ይልቅ ዝምታ የሚያስቀናው መሆኑን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። ሃያ ስንት ዓመት አብሯት ዝም ሲል ኖሮ!

«ቀይሩ!» እጅ ተጨበጨበ። ሚስቱ ከትንሹ ፊት ቆመች።

አጠገቡ ናቸው። ክንዱን ቢዘረጋ ይነካቸዋል። ልብስ ሰፊው ፋርማሲስቷን ይሁን ሌላ ሴት ማንን እንደያዘ ረሳ። ሚስቱ ቀኝ እጇን በትንሹ መዳፍ ላይ አኖረች፤ ግራ እጇን አነሣችና በግራጫው ሱፍ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው። ሜትር አላስፈለገውም፤ ጠመኔው የተሰመረበት ከፍታ ነው፤ የጠዋቱ እጅ፣ የጠዋቱ ትከሻ። ኮቱ ላይ ጣቷ ጥቂት ዳሰስ ዳሰስ ሲል አየ፤ ጨርቁን የሚያውቅ ሰው አዳሰስ ነው። ያዘጋጀው ንግግር፣ «ያጎረስኩበት እጅ» የሚለውም ሳይቀር፣ ብን ብሎ ጠፋ። የያዛትን ሴት ለቆ እጁን ወደ ወንድሙ ኮት አንገትጌ ሰደደ።

«ወዴት ነው ጋሼ!» አስተማሪዋ መሐል ገባች። «ወንድ ቦታውን አይለቅም ብያለሁ። ትንሽ ይታገሡ፤ ባለቤትዎ ራሷ ትመጣለች።» አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ትንሹ ሳይቀር ሳቀ፤ ምን እንዳመለጠው ሳያውቅ። አስተማሪዋ ግን አልተወችውም። ከጀርባው ዞረችና ሁለቱን ትከሻዎቹን ያዘች። «ይሄ ትከሻ ምን ተሸክሞ ነው? መሬት ላይ የጣሉት ነገር አለ እንዴ?» ብላ ጉልበቷን ሰብስባ በጀርባው መሐል በአውራ ጣቶቿ እየገፋች ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳበችው። አጥንቱ ተንጣጣ። ደረቱ ተከፈተ፣ አንገቱ ረዘመ፣ ከፊቱ ይጋርደው የነበረው የሰው ራስ ሁሉ ዝቅ አለና መስታወቱ ውስጥ የራሱን ፊት በሌላ ቦታ አየው። «እንደዚህ ይቆዩ። ይተንፍሱ፣ ግን አይውረዱ።» ከዚያም አጨበጨበች።

ሚስቱ አንድ እርምጃ አልፋ ፊቱ ቆመች። ግራ እጇ ተነሣ። ቦታ አልፈለገም፣ አላመነታም፤ ጠዋት አየር ላይ እንዳረፈው ሁሉ መጥቶ ትከሻው ላይ አረፈ። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ወደ እጇ አዞረ። ለካው። ልክ ነው።

«ጠዋት ወጥ ቤት ከማን ጋር ነበር የምትደንሺው?» አላት። ሊጮህ አስቦ ነበር፤ የወጣው ሹክሹክታ ነው።

ሚስቱ አንድ እርምጃ ተሳሳተች። «አየኸኝ እንዴ?» አለችና አፈረች፤ እንደ ልጃገረድ አፈረች። «ካንተ ጋር ነዋ። ከማን ጋር ይሆናል ብለህ ነው?»

«እኔ እዚያ አልደርስም። በአራት ጣት አንሳለሁ።»

አየችው። መነጽር ቤት ሰው የመጨረሻውን መስመር ማንበብ ሲያቅተው የምታየው አስተያየት ነው፤ አቃተህ አትልም፣ ትጠብቃለች። «ትደርስ ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ትንሹ ያንን ኮት ለብሶ ሲመጣ ነው እጄ ያስታወሰው። በሠርጋችን ማታ የት ጋ አስቀምጬው እንደነበር ትዝ አለኝ። ካንተ ጋር ነው የምደንሰው፤ ከያኔው ጋር። ምን ላድርግ፣ አንተ አልመጣ አልክ።»

ሊመልስላት አየር ሳበ። «ቀይሩ!» ተባለ። እጇ ከትከሻው ተነሣ። እሱም ይዞት የቆየውን ትንፋሽ ለቀቀና ከትንፋሹ ጋር ትከሻው ወደ ለመደው ቦታ ወረደ፤ እሷ ግን አላየችም፣ ፊቷን ለሚቀጥለው ሰው ሰጥታ ነበር።

የቀረውን ሰዓት እግሩ የት እንደሚያርፍ ሳያውቅ ጨረሰው። አጠገቡ ግራጫው ኮት ይዞራል፤ በገዛ እጁ፣ በገዛ ልኩ የቆረጠው ኮት። ለጎበጠ ደንበኛ ኮት ሲሰፋ ጀርባው ይረዝማል፣ ፊቱ ያጥራል፤ አለዚያ ከኋላ ተሰቅሎ ከፊት ይንጠለጠላል። ይህን ዘዴ ስንት ሰው ላይ ሠርቶበታል፤ ሰውየው ቅር እንዳይለውም «ጨርቁ ነው» ይላል። ለራሱ ሲሰፋም ከዓመት ዓመት ጀርባውን ጥቂት ያስረዝማል፣ ፊቱን ጥቂት ያሳጥራል፣ ለራሱም «ጨርቁ ነው» ይላል። የሰው ሁሉ ትከሻ ሲለካ የእሱን የለካለት አልነበረም። የተጠረጠረው ወንድሙ ነጻ ወጣ፤ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ቅናቱ ግን አልበረደም። ትንሹ ቢሆን ኖሮ አንድ ጥፊ ያሳርፍበትና ይገላገል ነበር፤ ወይም ይቅር ይለው ነበር። ያንን ሰው፣ ያንን ጀርባው እንደ መቃን የቆመውን ግራጫ ኮት ለባሽ፣ ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና የምትዞርለትን፣ የት አግኝቶ ይመታዋል?

ሲወጡ ትንሹ ደረጃው ላይ ደረሰበትና «ጋሼ፣ ቅር ብሎሃል እንዴ? ልትመታኝ ነበር የመሰለኝ» አለው ሳቅ እያለ።

«ኮቱ አንገትጌው ተጣሞ ነበር፤ ላስተካክልልህ ነው።»

«ከፈለግህ እኮ ልመልስልህ። አሁን ለኔ ትንሽ አርጅቷል።»

«ተወው፤ ለኔ አይሆንም» አለ ልብስ ሰፊው። ወንድሙ ጎኑን ነካ አድርጎት ወደ አውቶቡሱ ሮጠ፤ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን፣ እሷ ጫማዋን አንጠልጥላ፣ እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ቤት ደረሱ። ስለ ሁለቱ ግራ እጅጌዎች ሊነግራት አሰበና ለነገ አሳደረው።

የወጥ ቤቱን መብራት ስታበራ እንደ ቀድሞው ብልጭ ድርግም አላለም፤ ቦግ አለ። ማንቆርቆሪያውን ጥዳ ስትዞር ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ነጭ መስመር አየች። ጨርቅ አነሣች፤ ልትጠርገው እጇን ዘርግታ ቆመች። ጠመኔውን ታውቀዋለች፤ ከሸሚዙ፣ ከትራሱ፣ አንዳንዴ ከሻይ ብርጭቆው ስታጥበው የኖረች ናት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምልክት ነው።»

«የማን?»

«የጠዋቱ ሰውዬ» አለ። ገባት፤ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ግራ እጇን አነሣችና መስመሩ ላይ አስቀመጠች፤ በጠዋቱ አኳኋን፣ አንገቷን ጥቂት ዘንበል አድርጋ። ጠበቀችው። ልብስ ሰፊው ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለና መጥቶ በእጇና በቁም ሣጥኑ መካከል ገባ። ጀርባውን ለጠፈ፣ ደረቱን ከፈተ፣ አስተማሪዋ የገፋችውን አጥንት ፈልጎ ራሱ ገፋው። ትከሻው ወጣ፣ ወጣና ከመዳፏ ጋር ገጠመ። ትንፋሹን ይዞ ቆመ። ማንቆርቆሪያው ማጉረምረም ጀመረ። ፊቱ ሲቀላ፣ የአንገቱ ሥር ሲገተር ታየዋለች።

«ተንፍስ እንጂ አንተ ሰው፤ ልትሞትብኝ ነው?» አለች እየሳቀች።

ተነፈሰ። ትከሻው ወረደ፤ አራት ጣት ሙሉ። እጇ ግን አልወረደም። መስመሩ ላይ፣ ማንም የሌለበት ቦታ ላይ፣ ለአንድ አፍታ ቀረ። ከዚያ ዝቅ አለና ትከሻው ላይ አረፈ፤ መዳፏ ሞቃት ነበር፣ ጠመኔውንም ይዞ ነው የወረደው። ልብስ ሰፊው ነጩን ምልክት ሸሚዙ ላይ አየ፤ ወገቧን ያዘ፤ ግራ እግሩን ማንሣት ሲገባው ቀኙን አነሣ። እሷ ሳቀች። እሱ ግን ያቺን አፍታ አይቷታል፤ እጇ ከማን ጋር እንደቆየም ያውቃል።